በውሃ የሚወርድ ጉርሻ

ቶጎ ውጫሌን በእግር ተሻግሬ ወጃሌ ላይ መኪና ተሳፈርኩ። የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ልንገባ ስንል ሹፌሩ ሁለት መንታ ኮረብቶች ጠቆመኝ፦ ናሳ ሐብሎድ፣ የልጃገረድ ጡቶች ማለት ነው። አገሩ ሁሉ ኮረብታውን በዚህ ስም ሳያፍር ይጠራል። በማግስቱ አያሃ ያገኘኋት ነርስ ግን፣ እዚህ ያለች ሴት ጡቷ ላይ እብጠት ብትዳስስ እንኳ «ደረቴን ያመኛል» እንጂ ሌላ ቃል አይወጣትም አለችኝ። ማስታወሻዬ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነው።

አያሃ በከተማዋ ዳርቻ ያለ የተመላሾችና የተፈናቃዮች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሕዝቧ የሸሸው ወደ እኛ፣ ወደ ኢትዮጵያ ነበር። የተጠለሉበት ሐርትሼክ በአንድ ወቅት የዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ እስከ መባል ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘጋ። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰሙ ጠና ያሉት እናቶች መጀመሪያ የጠሩልኝም ስም ሐርትሼክ ነው።

ነርሷ ለሰፈሩ ሴቶች ስለ ካንሰር የምታስተምረው በአንዲት እናት ግቢ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ነው። ነርሷ ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛውን ታቀላጥፈዋለች፤ በዕድሜ የሚበልጧትን ሁሉ «ሆዮ»፣ እናቴ፣ እያለች ትጠራለች። ፖስተር አልያዘችም። ቴርሞስ ከፍታ ወተትና ስኳር የበዛበት ሻይ ቀዳችና አጠገቧ ለተቀመጡት እናት አቀበለች። እሳቸውም ብርጭቆውን በጣታቸው ጫፍ ይዘው፣ እንፋሎቱ ፊታቸውን እየመታው፣ ወዲያው ፉት አሉት። ሁለተኛውን ቀድታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና ማንም እንዳይነካው አለች። ጥቂት አውርታ ስታበቃ «ሆዮ፣ አሁን ይህን ይጠጡት» አለቻቸው። «ይሄማ ቀዝቅዟል» አሉ ፊታቸውን አጨማደው። ሴቶቹ ሳቁ።

ሻዩ በራሱ ጥፋተኛ አይደለም፤ ጉዳዩ ትኩሳቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣ ማንኛውንም መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያስከትል አይቀርም ከሚባሉት ጋር መድቦታል። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በአህጉሩ ምሥራቅ ተዘርግቶ የሚታይ በሽታ ነው። መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም፤ ትምባሆም አለበት። ብርጭቆውን ጥቂት ማቆየት ግን ምንም ወጪ የለውም።

በሶማሊኛ በሽታው ካንሰርካ ሁንጉሪጋ ይባላል። የእኛ «ነቀርሳ» ለካንሰርም ለሳምባ በሽታም ስለሚውል ብዙዎቻችን ካንሰር የሚተላለፍ መስሎን ከታማሚ ዕቃ እንሸሻለን። አያሃም ፍርሃቱ አለ። አንዲት ሴት «ልጆቼ በታማሚ ሳህን ቢበሉስ?» ብላ ጠየቀች። ነርሷ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ «አይተላለፍም» አለች። ሌላዋ ደግሞ እብጠትን በእሳት መተኮስ ያድናል ወይ አለች። «የቆዳ ጠባሳ ይተዋል፤ ውስጡ ያለው ግን ማደጉን አያቆምም። የተተኮሰ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ወራት ካለፉ በኋላ ነው» ብላ መለሰችላት።

እኔን የከነከነኝ የጤና ባለሙያው ነገር ነው። አክስቴ አርሲ ውስጥ ነበረች የምትኖረው፤ አርሲና ባሌ በምግብ ቧንቧ ካንሰር የሚታወቁ አካባቢዎች ናቸው። እንጀራው አልወርድ ሲላት በየጉርሻው ውሃ ትጎነጭ ነበር። የሄደችበት ጤና ጣቢያ ጨጓራ ነው ብሎ ለወራት ሽሮፕ ሰጣት። «ምግብ ይያዝሻል ወይ?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ጥቁር አንበሳ ስትደርስ ውሃውም አልወርድ ብሏት ነበር።

ይህን ለነርሷ ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ከሰዓት በኋላ ወጣት ነርሶችና አዋላጆች ሲሰበሰቡ የተነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ሆነ፦ ምግብ የሚያንቀውን ሰው ስንት ሳምንት አይተን ነው የምንልከው? «አንድም ቀን አትጠብቁ» አለቻቸው። መጀመሪያ ሥጋና ዳቦ፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ በመጨረሻ ውሃ እንቢ እንደሚል በጣቷ እየቆጠረች አስረዳቻቸው፤ ገንፎ ላይ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ እንዳለፈበት ጨምራ። ስለ ማህፀን በር ካንሰር ሲነሳ ደግሞ የኮምጣጤው አሲድ ተቀብቶ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሚነጣውን ቦታ በእጇ ጀርባ ላይ ሳለችላቸው። አዋላጇ ኤድና አዳን እ.ኤ.አ. በ2002 የቆሻሻ መጣያ በነበረ ቦታ ላይ ሆስፒታል ካቆሙ ወዲህ በዚህች ከተማ አዋላጅ መሆን ክብር ነው። ልጆቹ ሲጽፉ ቀና አይሉም ነበር።

ልንወጣ ስንል የጠዋቷ ባለግቢ ነርሷን በክንዷ ይዛ ወደ ግንቡ ጥግ ወሰደቻት። ባሏ ከረመዳን ወዲህ ሳምቡሳውን በሻይ ካልሆነ አይውጥም፤ «ጥርሱ ነው» ይላታል። ነርሷ አልደነገጠችም። ክብደቱ ቀንሶ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ሴትየዋ የቀበቶውን አዲስ ቀዳዳ በጣቷ አሳየቻት። ወደ ከተማው ሆስፒታል የሚያስገባ ወረቀት እዚያው ግንቡን ተደግፋ ጻፈችላት። ሴትየዋ አራት ቦታ አጥፋ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው፤ ከዚያ የነገው ታክሲ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያልፍ ጎረቤቷን ጠየቀች።