የመስታወቱ ስቶቭ በደጋ ቤት

እናቶችና እህቶች፣ ከሥራ መልስ ከጭስ ጋር መታገል ለሰለቻችሁ ሁሉ ኢንዳክሽን የሚባለው የመስታወት ስቶቭ ትልቅ እፎይታ መሆኑ አያከራክርም። እኛ በጣርማ በር፣ ጉሙ ከዋሻው አፍ ተነሥቶ እስከ ጓዳ በሚዘልቅበት አገር፣ እርጥብ እንጨት ማንደድ ምን እንደሆነ እናውቀዋለንና ምስክር አያሻንም። ነገር ግን ዕቃው ውድ ነው፤ አያያዙ ካልታወቀም ሰው ይጎዳል።

አስቀድማችሁ የገዛችሁት የትኛው እንደሆነ ለዩ። በገበያ ላይ መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት ዓይነት ስቶቮች አሉ። ኢንፍራሬድ የሚባለው ከመስታወቱ ሥር ፍም መስሎ ይቀላል፤ ማንኛውንም ጠፍጣፋ ድስት ይቀበላል፤ መስታወቱም እጅግ ይግላል። ኢንዳክሽኑ ግን አይቀላም፤ ከሥሩ ያለው የመዳብ ጥቅል በሚፈጥረው የማግኔት ኃይል የሚያሞቀው ድስቱን ራሱን ነው። ስለዚህ ተራው የአሉሚኒየም ድስትም ሆነ ሸክላው አይሠራበትም። ድስት ልትገዙ ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት በቦርሳችሁ ያዙ፤ ከድስቱ ቂጥ ላይ ጥብቅ ካለ ይሆናችኋል። ባለሱቁ ቢስቅም ይሳቅ።

ኢንዳክሽን አይቀላምና ልጆች ቀዝቃዛ ይመስላቸዋል። ከድስቱ የተመለሰው ሙቀት ግን መስታወቱን ያግለዋል። ስለዚህ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ እስኪበርድ ጠብቃችሁ፣ በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና አጽዱ። ውኃ አታፍስሱበት። ድስት በአመድና በአሸዋ ማሸት የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይታገሥ፤ የብረት ሽቦም መስታወቱን ይጭረዋል። ድስቱንም አንሡት እንጂ አትጎትቱት።

እኛ ዘንድ ከፍታው ከ3000 ሜትር ስለሚበልጥ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላው ሳይበስል ረጅም ጊዜ ሲንተከተክ አረፋው ገንፍሎ መስታወቱ ላይ ይደርቃል። ባቄላውን ከማታ ዘፍዝፉት፤ ድስቱን አትሙሉት፤ ከፈላ በኋላ ኃይሉን ቀንሱ። የደረቀውን እርጥብ ጨርቅ አልብሱትና ጥቂት ቆይታችሁ ጥረጉት፤ እምቢ ካለ አቼቶ ወይም ሎሚ ያስለቅቀዋል። ስኳር ወይም ማር ከፈሰሰ ግን እስኪበርድ አይጠበቅም፤ ሲደርቅ መስታወቱን ይቦረቡራል። አጥፍታችሁ፣ ገና ሞቅ እንዳለ፣ እጃችሁን ጠብቃችሁ በእንጨት ማንኪያ ግፉት።

2000 ዋት የሚስብ ስቶቭ 9 አምፔር ያህል ይፈልጋል። ከእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አትሰኩት። ከሥሩ ያለውን የማራገቢያ ቀዳዳ ጨርቅ ወይም ላስቲክ አይድፈነው። መብራት ሲጠፋም ንቀሉት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ስንጥቅ ነው። አንዲት ጎረቤቴ የተሰነጠቀውን መስታወት በፕላስተር አሽጋ ስትሠራበት አገኘኋት። «ይኸው ይሠራል እኮ» አለችኝ። ይሠራል፤ ዳሩ ግን ወጡ ገንፍሎ በስንጥቁ ከገባ 220 ቮልት ካለበት ሽቦ ጋር ይገናኛል፤ በዚያ ላይ የእሷ እጅ ማማሰያ ይዟል። ተከራክረን ነቀለችው። አዲስ መግዣ እስክታጠራቅም በከሰል ትሠራለች፤ እሱንም በረንዳ ላይ ነው። ብርዱን ፈርታችሁ በር ዘግታችሁ ከሰል የምታያይዙ፣ ለጀበናም ቢሆን፣ ፍሙ ጭሱን ከጨረሰ በኋላም ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣልና ወደ ውጭ አውጡት።