ጎማው መሬት ከነካ በኋላ

ከመቱ በስተ ሰሜን ወደ ዳሪሙ ስትጓዙ መንገዱ በቡናና በጫካ መካከል ይወጣል፤ ይወርዳል። ኢሉባቦር ዝናብ የበዛበት አገር ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው መኪና ይይዛል። ድሮማ በሽተኛ በቃሬዛ፣ ቡና በበቅሎ ነበር የሚጓዘው። ስለዚህ አውሮፕላን ለዚህ አካባቢ ሰው ቅንጦት አልነበረም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረባቸው ዳግላስ አውሮፕላኖች በኋላ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ጎሬም ይበሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ሚሽን አቪዬሽን ፌሎሺፕ በትንንሽ አውሮፕላኖች በአገራችን አገልግሎት ጀመረ። ድርጅቱ በብዙ አገሮች የተጠቀመባቸው ሴስና 180 እና 185 ልክ እንደ ዳግላሱ ሁለት ትልልቅ ጎማ ከፊት፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ከጭራቸው ሥር አላቸው። አፍንጫቸው ቀና ስለሚል ፕሮፔለሩ ከድንጋይና ከሣር ይርቃል፤ ለሣር ሜዳ ይመቻሉ።

ታዲያ ችግራቸው ምንድን ነው? ክብደታቸው ከትልልቆቹ ጎማዎች በስተ ኋላ ያርፋል። ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ አይታችኋል? ትንሽ ከተጣመመ እየባሰበት ይሄዳል እንጂ በራሱ አይቃናም። የጎን ነፋስም የቆመውን ጭራ ሲገፋ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞራል። አብራሪው በእግሩ መሪውን ቶሎ ካልረገጠ አውሮፕላኑ ይሽከረከራል፤ ክንፉ መሬት ይመታል፤ የጎማው እግር ይሰበራል። አብራሪዎች «ግራውንድ ሉፕ» ይሉታል።

እንደ ዳሪሙ ባለ ኮረብታማ አገር ሜዳ የሚዘረጋው ሸንተረሩ በፈቀደው አቅጣጫ ነው፤ ነፋስ አይመረጥም። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይም አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ መሬት የሚነካው በባሕር ጠረፍ ከሚያርፍበት 10 በመቶ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ አደጋ የሚደርሰው ጎማው መሬት ከነካ በኋላ፣ ተሳፋሪው «ተመስገን፣ ደረስን» በሚልበት ሰዓት ነው። ጎበዝ አብራሪ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ክንፉን ዝቅ አድርጎ የዚያኑ ጎን ጎማ ያስቀድማል፤ አውሮፕላኑ እስኪቆም ድረስም እጁና እግሩ ሥራ አይፈቱም። ካልሆነለት ሞተሩን አጠንክሮ ዳግም ይነሣል፤ ከሜዳው ዳር ቃሬዛ እየጠበቀው እንኳ ቢሆን! ውሳኔው ከባድ ነው። ነገር ግን አውሮፕላኑ ከተሰበረ ነገ የሚጠብቁትም ጭምር ይቀራሉ። የዚሁ ድርጅት የመጀመሪያና ብቸኛ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1946 ሜክሲኮ ውስጥ ሲያርፍ ትንሽ ቤት መትቶ ተሰበረ። አብራሪዎቹ ቢተርፉም፣ ኔት ሴይንት ሄዶ እስኪጠግነው ድረስ አገልግሎቱ ያለ አውሮፕላን ቀርቶ ነበር።

እናንተ ባለትዳሮችስ? ሠርጉ ባማረ ማግስት «ደረስን» ብለው እግራቸውን ከመሪው ያነሡ ስንቶች ናቸው? የጎን ነፋስ እነርሱንም የሚያገኛቸው መሬት ላይ ነው።