ግማሽ ቮልት

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ጋኑን ነው። ጠጠሯ ትዝ የምትለን ጋኑ ሲንጋለል ብቻ ነው። እንደኔ በኮምፒዩተር ጥገና እንጀራውን ለሚበላ ሰው ይህች ጠጠር ስም አላት፤ ዩኤስቢ ትባላለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ሺንሺቾ፣ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይቸግራል። የቀናቸው ልጆች ለእናታቸው ቤት ያሠራሉ፤ ለወንድማቸው ባጃጅ ይገዛሉ። ከእነዚህ አንዱ የተማረበትን ትምህርት ቤት አስታውሶ መታወቂያ ወረቀት የምታህል ኮምፒዩተርና አንድ ሃርድ ዲስክ ላከ። ዲስኩ ውስጥ የመማሪያ መጻሕፍትና ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ዊኪፒዲያ አለ። የእንግሊዝኛው ብቻ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው። ተማሪው በስልኩ ዋይፋይ ገብቶ ያነባል፤ የካርድ ወጪ የለበትም። ለገበሬ ልጅ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም። እንድተክላት የተጠራሁት እኔ ነበርኩ።

የእነዚህ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች አውራ ራስቤሪ ፓይ ነው። ኤበን አፕተንና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ፣ ልጆች ኮምፒዩተርን በርካሽ እንዲማሩበት ብለው አስበውት በየካቲት 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2012) በ35 ዶላር ለገበያ አቀረቡት። ዋጋው እንዲህ እንዲወርድ የሆነ ቦታ ላይ መቆጠብ ግድ ነበር፤ ከተቆጠበባቸው ቦታዎች አንዱም ዩኤስቢው ነው። በዚያ ሞዴል ሁለቱ የዩኤስቢ ቀዳዳዎችና የኔትወርክ ገመዱ ወደ ዋናው ቺፕ የሚገቡት በአንዲት ጠባብ መንገድ ነበር። የዩኤስቢ ደንብ ለአንድ ዕቃ እስከ 500 ሚሊአምፔር ሲፈቅድ፣ የቀዳሚዎቹ ቦርዶች ፊውዝ የታሰበው ለ140 ነበር። በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) የወጣው 4ኛው ሞዴል ዩኤስቢውንና ኔትወርኩን ለያይቶ ሰፊ መንገድ ሰጣቸው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ከአንዳንድ ውድ ገመዶች ኃይል አልቀበልም ብሎ ሰውን አስገርሞ ነበር፤ በኋላ ታረመ።

ለትምህርት ቤቱ የመጣችው ግን እሱም አይደለችም፤ ከሱ የረከሰች አምሳያ ናት። ጠዋት አንድ ሁለት ተማሪ ሲጠቀም ደህና ናት። ከሰዓት በኋላ ደርዘን ሲሞሉ ዲስኩ ድንገት ይጠፋል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ይደውላሉ፤ «ልጄ፣ ያቺ ነገርህ ዛሬም ከዳችን።» ሚኒባስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ። እስክደርስ አጥፍተው ስላበሯት እንደ ጻድቅ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። አንዱ መምህር ቫይረስ ነው ይላል፤ ሌላው መብራት ኃይልን ይወቅሳል፤ ዘበኛው አይጥ ይጠረጥራል።

መለኪያዬ ያሳየው ሌላ ነው። ኮምፒዩተሯ የምትፈልገው 5 ቮልት ነው፤ ቻርጀሩም ይህንኑ ያወጣል። የሚጎድለው መንገድ ላይ ነው። ገመዱ ከላይ ወፍራም ይመስላል፤ ላስቲኩ ሲላጥ ግን መዳቡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። 0.3 ኦም ባለው ገመድ 2 አምፔር ሲያልፍ 0.6 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ የሚደርሳት 4.4 ነው። ራስቤሪ ፓይ ከ4.63 ቮልት ገደማ በታች ሲወርድ ስክሪኑ ላይ የመብረቅ ምልክት እያሳየ ያስጠነቅቃል። የኛዋ ምልክትም ስክሪንም የላትም። ተማሪው ሲበዛ የሚሳበው ኃይል ይጨምራል፤ ኮምፒዩተሯ እንደምንም ስትቆይ ዲስኩ ግን መሽከርከሪያ ጉልበት ያጣና ይወድቃል። አንዳንዴም ፋይል አበላሽቶ ይወድቃል። ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከግማሽ ቮልት ጥቂት በምታልፍ ጉድለት ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ አጭርና ወፍራም ገመድ፣ ለዲስኩም የራሱ ኃይል ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ። የታወቀ ነው እንጂ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። የሆሳዕናን ሱቆች አዳረስኩ፤ ዱራሜ ድረስ ሄድኩ። ሁሉም ላይ «3 አምፔር» ተጽፏል። መጻፉን ማን ይከለክላል! በመጨረሻ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አደራ ብዬ ከመርካቶ አስመጣሁ። የማከፋፈያው፣ የገመዱና የምልልሱ ሒሳብ ሲደመር የኮምፒዩተሯን ዋጋ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ዲስኩ ወድቆ አያውቅም። ወንበሮቹ ግን እንደ መጀመሪያው ሰሞን አልሞሉም። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለምን እንደቀረች ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ የልብን ሥዕል እያየሁ ማስታወሻ ስይዝ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። ፈተና ደርሷል። ደብተር አይጠፋም» አለችኝ። ምን እላታለሁ? ስለ ኦም ላስረዳት? እሷ የምታውቀው ጊዜዋ መበላቱን ነው። የካምብሪጅ ልጅ አንድ ዕቃ ቢከዳው በሌላ ይተካል። ሌላ ዕቃ በሌለበት ትምህርት ቤት ግን ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ «ኮምፒዩተር ለኛ አይሆንም» የሚል ነው። ይህንን መደምደሚያ ደግሞ ከመርካቶ በሚመጣ ገመድ ማስተካከል አይቻልም።

ጠቤ ከርካሽነቱ ጋር አይደለም። ዋጋው ባይወርድ ኖሮ እንዲህ ያለ ዕቃ እኛ ዘንድ ባልደረሰ። ነገር ግን ከዋጋው የተቀነሰው ወጪ ጠፍቶ አይቀርም፤ ከፋብሪካው ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ ጥገና ሠራተኛው እየወረደ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ያቺ ልጅ ላይ ነው።

ስለዚህ በጆሃንስበርግም ሆነ በሌላ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ስትልኩ ደህና ቻርጀር፣ አጭር ወፍራም ገመድና የራሱ ኃይል ያለው ማከፋፈያ አብራችሁ ጨምሩ። ሁሉም ተደምሮ ከሻንጣችሁ አንድ ኪሎ ቢወስድ ነው።