ነገ ያልኩት ዳገት

ጥር 2012 ዓ.ም. ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከሱብሂ ሰላት መልስ ከሚሴ በሚገኘው ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ኩታቸውን አጣፍተው፣ በሶና ቆሎ የቋጠሩባትን ስልቻ በትከሻቸው አንግተው፣ ዱላቸውን ተደግፈው። ሦስት ጠዋት እንዲህ ቆሙ። ሦስቱንም ጠዋት ከብርድ ልብሴ ሳልወጣ «አባባ፣ ነገ ይሁንልን» አልኳቸው። በአራተኛው ቀን አልመጡም።

በእናቴ በኩል አርጎባ ነን። አጎቴ በወጣትነታቸው ሸማኔ የሠራውን ኩታ በአህያ ጭነው፣ እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ተረተሩን ሁሉ በእግራቸው ያውቁታል። የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ፣ የትኛው መቃብር የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ዋርካ ሥር ዱዓ እንደሚደረግ ያለ ወረቀት ይዘውታል። ያንን ሁሉ ሊያሳዩኝ የአምስት ቀን ጉዞ አሰቡ። አንድ ሌሊት ሾንኬ፣ አንድ ሌሊት ጦለሃ መንደር። ከዚያ ወርደን በመኪና እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከሸዋ ሮቢት በእግር ወደ ጥንታዊቷ ኢፋት ፍርስራሾች። እኔ ከአዲስ አበባ የአሥር ቀን ፈቃድ ይዤ መጥቻለሁ። አዝመራው ገብቷል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ አገሩ ሰላም ነው። የቀረ ነገር አልነበረም።

ሾንኬ በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ ተራራ አናት ላይ የተሠራ የአርጎባ ጥንታዊ መንደር ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው እንጨትና አፈር ነው። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ከሩቅ ሲታዩ አንድ ምሽግ ይመስላሉ ይላሉ። ስመ ጥሩው ዓሊም ሸህ ጀውሃር ያስተማሩበት፣ ደረሳ ከሩቅ አገር ኪታብ ፍለጋ የወጣበት ቦታ ነው። «ይላሉ» የምለው ስላላየሁት ነው። የእናቴ ወገኖች አገር ሆኖ እኔ የማውቀው በወሬ ነው።

ኢፋትንም የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። ወላስማ የተባሉት ገዥዎች የሸዋን ሱልጣኔት ገልብጠው በ1285 እ.ኤ.አ. የበላይ የሆኑበት፣ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋ የሚወጣው ንግድ የሚያልፍበት አገር ነበር። በ1332 እ.ኤ.አ. የኢፋቱ ሱልጣን ሰብረዲን ከአፄ ዓምደ ጽዮን ጋር ሲዋጋ በንጉሡ መናገሻ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደዛተ የንጉሡ ዜና መዋዕል መዝግቦታል። አስባሪ፣ ኖራ፣ መሳል የሚባሉት ከተሞች ዛሬ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ተረተር ላይ ፍርስራሽ ሆነው ቀርተዋል። ፈረንሳውያኑ ፍራንሷ ዣቪየር ፎቬልና ቤርትራን ሂርሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያንን ዳገት በእግራቸው ወጥተው የመስጊዶቹን ግድግዳ ለኩ፤ ዓረብኛ የተቀረጸባቸውን የወላስማ መቃብሮች አነበቡ። የአሥራ አምስት ዓመት ድካማቸውንም በ2017 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ሰው ከፓሪስ መጥቶ በረገጠው ምድር ላይ እኔ፣ የአገሩ ልጅ፣ እግሬን አላሳረፍኩም።

እነዚያን ቀናት ምን ሠራሁባቸው? የጫት በርጫ ላይ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከጓደኞቼ ጋር ቅጠል ስቀነጥስ፣ ሌሊቱን ስልኬ ላይ ሳፈጥ አድር ነበር። ሲነጋ እንቅልፍ ይጥለኛል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እኔ ላይ ደረሰ። ዳገቱ የትም አይሄድም፣ አጎቴም የትም አይሄዱም ብዬ ነበር።

በአራተኛው ቀን ያልመጡት ብቻቸውን ስለሄዱ ነው። ሾንኬ ላሉት ዘመዶች አስቀድመው «እንግዳ ይዤ እመጣለሁ» ብለው ልከው ነበርና ቃላቸውን ማጠፍ አፈሩ። በዚያ ዕድሜያቸው ዳገቱን ወጥተው ይቅርታ ጠይቀውልኝ ተመለሱ። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያስነጠፍኩልህ ምንጣፍ ባዶውን አደረ። እንግዳው የት ቀረ ሲሉኝ መልስ አጣሁ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ለከርሞ፣ ኢንሻአላህ» አልኳቸው። ስንፍናዬን በአላህ ስም ሸፈንኩት።

ከርሞ አልመጣም። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ። በክረምቱ አጎቴ ከአጭር ሕመም በኋላ አረፉ። ሙስሊም በዕለቱ ይቀበራልና 325 ኪሎ ሜትሩን አቋርጬ ለቀብራቸው አልደረስኩም። ሚያዝያ 2013 መንገዳችን ላይ ያለችው የአጣዬ ከተማ ተቃጠለች። በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ገባ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ይኸው አለ። ልናልፍባቸው ያሰብናቸው ቀበሌዎች ብዙ ሰው ቀብረዋል።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ሰላም ሲወርድ ዳገቱን ልወጣው እችላለሁ፤ ድንጋዩን አየዋለሁ። የምንጩን ስም ግን ማን ይነግረኛል? የትኛው መቃብር የማን እንደሆነ፣ እናቴ በልጅነቷ ውኃ የቀዳችበት ጉድጓድ የቱ እንደሆነ ማንን ልጠይቅ? ያን ሰሞን እጄ ላይ ስልክ ነበር። ድምፅ ይቀዳል፤ ምስል ያነሳል። የአጎቴ ድምፅ በውስጡ የለም።

በዚህ ሁሉ የምከሰው ሰው የለኝም። ጦርነቱ መንገዱን ከመዝጋቱ፣ ሞትም አጎቴን ከመውሰዱ በፊት የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ይህን የምታነቡ የከሚሴ፣ የባቲ፣ የሸዋ ሮቢት፣ የወሎ ልጆች፣ በቤታችሁ አገሩን በእግሩ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ አጠገቡ ተቀመጡ። መንገዱ ባይከፈት እንኳ ቡና አፍሉና ጠይቁት። የዳገቱን ስም፣ የምንጩን ስም፣ የመቃብሩን ባለቤት ጻፉ፤ ድምፁን ቅዱ። ጉዞው ከተቻለና ጠዋት ደጃፋችሁ ላይ ዱላ ይዞ ከቆመ ደግሞ ነገ አትበሉት። እኔ ሦስት ጠዋት ተጠርቼ አልተነሳሁም።