የዶሮ መዋያ ላይ ምን ይጎዝጎዝ? እኔ በጭድ ተሳስቼ ነበር

ክረምቱ ደጃችን ላይ ነው። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትጠይቁኝ የበዛው «ዶሮዎቹ ቀን ቀን ውጭ በሚውሉበት አጥር ውስጥ ምን እንጎዝጉዝ?» የሚል ነው። ባጭሩ መልሼ ማለፍ እችል ነበር። አንድ ጊዜ ግን ይህንኑ ጥያቄ ባጭሩ መልሼ ሰው አክስሬአለሁና እሱን ላስቀድም።

ነገሩ ያምና ክረምት ነው። በምሠራባት ቀበሌ ያሉ አንዲት እናት፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ከቁጠባ ማኅበራቸው ተበድረው 30 የ45 ቀን ሳሶ ገዙ። ማደሪያውን ከልጃቸው ጋር ሆነው በባሕር ዛፍ ሠሩት። ከፊቱም 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች መዋያ አጠሩ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ወደ ስብሰባ ስጣደፍ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ግቢው ጭቃ ሊሆን ነው፣ ምን ላድርግበት?» አሉኝ። እኔም ከሞተር ሳይክሉ ሳልወርድ «የጤፍ ጭድ ይጎዝጉዙበት እትዬ፣ ወፈር ያድርጉት» ብዬ ሄድኩ።

ጭድ መጥፎ አይደለም፤ ለቤት ውስጥ ከሆነ። እኛም ስንማር ጣሪያ ላለው ማደሪያ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ጉዝጓዝ ነው የተባልነው። ዝናብ ለሚወርድበት ሜዳ ማንም አላለኝም፤ እኔው ነኝ ከቤት አውጥቼ ውጭ ያነጠፍኩት።

ሐምሌ ላይ ደወሉ። «ኩሳቸው ደም ሆነ» አሉ። ስደርስ ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው፣ ላባቸውን አንጨፍርረው፣ አንድ ጥግ ላይ ተኮራምተዋል። ጭዱ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም። በዱላ ስገለብጠው ግን ሥሩ እንደ ፍግ ጠቁሯል፣ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል፣ እጅ ሲያስገቡበት ይሞቃል። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። የጤፍ ጭድ ቀጭን ነው፤ ከረጠበና ከተረገጠ ተጣብቆ እንደ ምንጣፍ ይሆንና ውሃውን ከሥሩ አፍኖ ይይዘዋል።

በሽታው ኮክሲዲዮሲስ ነበር። አካሄዱን ካወቃችሁት መዋያ ላይ ምን እንደሚጎዘጎዝ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። የበሽታው ተህዋስ እንደ እንቁላል ያለ ነገር ሆኖ ከኩስ ጋር ይወጣል። እንደወጣ አይበክልም። እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ሲያገኝ ነው በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ የሚበስለው። ከዚያ ዶሮዋ ስትጭርና ስትለቅም መልሳ ትውጠዋለች፤ አንጀቷን ያቆስላል፣ ደሙም ከዚያ ነው የሚመጣው። የተለመደውን የቤት ማጽጃ መድኃኒት ብትረጩበት እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። የሚጠላው ድርቀት ነው። እኔ ደግሞ እርጥበቱ እንዳያመልጥ ብርድ ልብስ አልብሼዋለሁ ማለት ነው።

ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ጋር ሆነን አምፕሮሊየም በሚጠጡት ውሃ ሰጠናቸው። መጠኑን እዚህ አልጽፍም፤ እንደ መድኃኒቱ አሠራር ስለሚለያይ ባለሙያ ጠይቁ። ከ30ዎቹ 11 ሞቱ። እትዬ አልጮኹብኝም። የሞቱትን እየቀበሩ «አንተ መሬቱን መች አየኸው ልጄ?» ብቻ አሉኝ። ብድሩ የ30 ነው፤ የቀሩት 19 ናቸው። እውነት ለመናገር ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ዝናብ እየጣለ ሄጄ ቆሜ አየሁ። መሬቱ መረሬ ነው፤ ውሃ አያሳልፍም። የትልቁ ቤት ጠፈጠፍ በቀጥታ መዋያው ውስጥ ይወርዳል። ይህንን ሳያስተካክሉ ጭድ ሆነ ሰጋቱራ፣ ምንም ቢጎዘጎዝ ገንፎ ነው የሚሆነው። እሳቸው ደግሞ ከእኔ ይልቅ ገባቸው። «አውድማ የምናወጣው ከፍ ያለና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ መርጠን ነው፤ ለዶሮ ሲሆን ምን ነክቶን ነው ጉድጓድ የሰጠናት?» አሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጭዱን ከላይኛው አፈር ጋር ጠርገን አወጣን። ከጠፈጠፉ ሥር ቦይ ቆፍረን ውሃውን ወደ ጌሾው መለስነው። መዋያውን ወደ አንድ ጎን አዘነበልነው፤ ከሥር የተቀጠቀጠ ድንጋይና ጠጠር፣ ከላይ ደግሞ ሻካራ የወንዝ አሸዋ አደረግን። ለ12 ካሬ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ስናነጥፍ ወደ 20 የአህያ ጭነት ፈጀብን። ቀላል ሥራ አይደለም፤ ወንዝ የሚርቃችሁ አስቀድማችሁ አስቡበት። ጥቅሙ ግን በሳምንቱ ታየ። ዝናቡ ሲያባራ አሸዋው ውሃውን ወደ ታች ያሳልፋል፣ ኩሱ ላዩ ላይ ይደርቃል፣ እትዬም ጠዋት ጠዋት በመጥረጊያ ይለቅሙታል። ከሥሩ ጠጠር ሳታደርጉ መረሬ ላይ አሸዋ ብቻ ብትደፉ ግን በአንድ ክረምት ጭቃው ይውጠዋል።

አሸዋ የማታገኙስ? እንጨት ሲፈለጥ የሚረግፈው ስንጣሪ ጥሩ ነው። ሻካራ ስለሆነ ውሃ በመካከሉ ያልፋል፣ ቶሎም አይበሰብስም። ሹል ሹሉን ብቻ ልቀሙት፤ እግራቸውን ከወጋ ያብጣል። ከአናጢ ቤት የሚገኘው የእንጨት ፍቅፋቂም ለማደሪያው ውስጥ ይሆናል፤ ቀለም ወይም ኬሚካል የተቀባ እንጨት አለመሆኑን ጠይቁ እንጂ። ደቃቁን ሰጋቱራ ግን እኔ ለትንንሽ ጫጩት አልመክርም፤ አቧራው ያፍናቸዋል፣ መኖ እየመሰላቸውም ይለቅሙታል። ፎገራ አካባቢ ያላችሁ የሩዝ ገለባ በደጃችሁ ነው፤ ደረቅ ከሆነና ጣሪያ ሥር ካደረጋችሁት ደህና ያገለግላል። የሻገተ ነገር ግን ምንም ይሁን ምን አታስገቡ፤ ሻጋታው ሳንባቸውን ይይዛል። አመድ ለብቻው በደረቅ ጥግ ይቀመጥ፣ ይታጠቡበት፣ ለቅማልና ለቅንቅን ይረዳል። መዋያው ላይ ግን አትበትኑት፤ ሲረጥብ እግር ያቃጥላል።

ሣር የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ዶሮ በጠባብ ግቢ ሣር አታስተርፍም፤ መብላቷ ሳይሆን መጫሯ ነው ሥሩን የሚያወጣው። ቦታ ካላችሁ መዋያውን ለሁለት ክፈሉትና እያፈራረቃችሁ አሳርፉት፤ ሰርዶ ያለበት ግቢ ካረፈ ቶሎ ያገግማል። እርሻ ውስጥ ስንረግመው የምንኖር ሰርዶ እዚህ ባለውለታ ነው (በተረቱ አህያዋ ከሞትኩ በኋላ አይብቀል ያለችው እኮ ወድዳው ነው)። ቦታው ከጠበበ ደግሞ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ባለ የእንጨት ማዕቀፍ ላይ ሽቦ ወንፊት ወጥራችሁ ሣሩ ላይ ድፉት። በወንፊቱ ብቅ ያለውን ጫፉን እየቆረጡ ይበላሉ፣ ሥሩን ግን አያገኙትም።

የማደሪያውን ጉዝጓዝ ደግሞ በእጃችሁ ፈትኑት። አንድ እፍኝ ዝገኑና ጨብጡት፤ ስትለቁት ተድቦልቡሎ ከቀረ ረጥቧል፣ አውጡት። ትንሽ ተጣብቆ ቀስ ብሎ ከተፈረፈረ ደህና ነው። ጨርሶ እንደ አቧራ ከተበተነ በዝቶ ደርቋል። ስታጎነብሱ አፍንጫችሁን የሚወጋ ሽታ ካለ ዶሮዋ ከእናንተ የባሰ እየተቃጠለች ነው፤ እሷ ቀኑን ሙሉ እዚያው ከፍታ ላይ ናት። የውሃ ዕቃውን አካባቢ አትርሱ፤ አብዛኛው እርጥበት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዕቃውን ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጉት። ያወጣችሁትን ጉዝጓዝ ትኩሱን ጎመን ላይ አትድፉት፣ ያቃጥለዋል፤ ከምራችሁ በደንብ ሲብላላ ነው የሚጠቅማችሁ።

እትዬ ከ19ኙ ዶሮዎች እንቁላል ብድሩን ከፍለው ሊጨርሱ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ባለፈው ሳምንት ደውለው «ጭዱን ዘንድሮ ለላሟ ሰጥቻታለሁ፤ አሸዋው ግን በበሩ በኩል ሳስቷል፣ መጥተህ እይልኝ» አሉኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ሞተር ሳይክሉን በር ላይ አቁሜ እገባለሁ።