ሣልስ ላይ የሚያርፍ እግር

ሳልሳ እንደንሳለን። ይህን በግልጽ ስንናገር ከሚሰሙን መሀል የሚስቁብን ብዙ ናቸው፤ የሚቆጡንም አልጠፉም። የሚስቁት «ሳልሳን የምናውቀው ወጥ ውስጥ ነው» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ በእናቶቻችን ማድቤት ሳልሳ ማለት በቆርቆሮ የሚሸጠው የቲማቲም ድልህ ነው። የሚቆጡት ደግሞ ነገሩን ያከብዱታል። «አገር እንዲህ ሆና፣ ጤፍ እዚህ ደርሶ፣ እናንተ ቦሌ ወርዳችሁ ወገብ ታወዛውዛላችሁ! ኧረ እፈሩ!» ይላሉ። ለሁለቱም ወገኖች እንደየአጠያየቃቸው መልስ መስጠት ስለሚገባን ይህችን ጽሑፍ ይዘን ቀርበናል።

ለሳቂዎቹ መልሳችን አጭር ነው፤ አልተሳሳታችሁም። በስፓኞች ቋንቋ ሳልሳ ማለት ስጎ ነው። ስሙ ከስጎው ወደ ሙዚቃው ተሻግሮ በሰፊው የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በኒውዮርክ ከተማ ነው። ከኩባ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጡ ስደተኞች በአንድ ከተማ ሲከትሙ የየአገራቸውን ዜማ በአንድ ድስት ጣዱት። ዶሚኒካዊው ጆኒ ፓቼኮና ጄሪ ማሱቺ በ1964 ያቋቋሙት ፋኒያ የተባለ የሸክላ ኩባንያ ስሙን ለዓለም አስተዋወቀው። ስልቱ ግን ከስሙ ይቀድማል። አጥንቱ በምሥራቅ ኩባ ገጠር የበቀለው «ሶን» የተባለው ዘፈን ነው፤ ጊታሩ የስፔን፣ ከበሮው በባርነት ከኮንጎና ከሌላውም የአፍሪካ ምድር ተግዘው የሄዱ ሰዎች ነው። የፋኒያ ሙዚቀኞች ሴሊያ ክሩዝን ይዘው በ1974 ኪንሻሳ ላይ ሲጫወቱ ያ ከበሮ ወደ አያቶቹ አገር ተመለሰ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ከእኛ መሀል የቄስ ትምህርት ቤት የቀመሰ አንድ ጓደኛችን ደግሞ ስሙን በራሱ መንገድ ፈቶታል። በሳልሳ እግር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይረግጥና አራተኛውን ምት ሳይረግጥ ያሳልፋል፤ ከዚያ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ብሎ ስምንተኛውን ያሳልፋል። «ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ብሎ ራብዕን የሚውጥ ስለሆነ ነው ሳልሳ የተባለው» ይላል። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ዝም፤ ሄ፣ ህ፣ ሆ፣ ዝም። ስምንተኛ ቤት ፊደላችንም የለውምና ቆጠራው ልክክ ይላል። ትርጓሜው ውሸት ነው፤ ጀማሪ ለማስተማር ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ እስካሁን አላገኘንም።

«እናንተና ኩባ ምን አገናኛችሁ?» ለሚለን ሁለት መንገድ እንቆጥርለታለን። አንደኛው የሙዚቃ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ ያወጣቸው ሁለት ሸክላዎች «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚል ስም ነው ያላቸው። በቪብራፎኑ የእኛን ቅኝት ሲመታ ከሥሩ የሚያጅበው የላቲን ምት ነበር፤ ኮንጋን ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ጋር ካዋደዱት ሰዎች ቀዳሚው እሱ ነው። ኢትዮ ጃዝ ብለን የምንኮራበት ልጅ ሲወለድ ከአዋላጆቹ አንዷ የኩባ ከበሮ ነበረች ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የጦርነት ነው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ዘልቆ ሲገባ ኩባ 15 ሺህ ያህል ወታደሮች ወደ ኢትዮጵያ ላከች። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ሲገኝና ጅጅጋ ነጻ ስትወጣ ከኢትዮጵያውያን ጎን ሆነው የወደቁ ኩባውያን ነበሩ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው፣ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ምስላቸውን ይዞ ቆሟል። ስንቶቻችን ነን በታክሲ ስናልፍ ቀና ብለን ያየነው? ከጦርነቱ በኋላም በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በጦር ሜዳ ያጡ፣ ወደ ኩባ ሄዱ። የገቡበት ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ይባላል፤ የወጣቶች ደሴት ማለት ነው። ከአፍሪካና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው እያደሩ፣ የቀኑን ከፊል በትምህርት፣ ከፊሉን በብርቱካንና በግሬፕ ፍሩት እርሻ ላይ በሥራ ያሳልፉ ነበር። ኢትዮጵያውያኑ አድገው ሲመለሱ ዲፕሎማቸውን፣ ስፓኒሽኛቸውንና ዳንሱን ይዘው መጡ።

የእኛ አስተማሪ ከነሱ አንዱ ነው። ስሙን እንዳንጽፍ ስላስማለን ጋሼ ብለን እናልፋለን። ልጅ ሆኖ ሄዶ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ተመለሰ፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ካለ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያስተምረናል። ቀን የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ የሆነ አዳራሽ ነው፤ ሲንጀሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠርገን ነው የምንጀምረው። ጋሼ ሙዚቃ ከመክፈቱ በፊት ከመጥረጊያ እጀታ ቆርጦ የሠራቸውን ሁለት እንጨቶች ያጋጫል። ይህ «ክላቬ» የሚሉት ነው፤ አምስት ምት ለሁለት ቤት፣ ሦስቱ በአንደኛው፣ ሁለቱ በሌላው። «እሱን ያልሰማ ጆሮ የቀረውን ቢሰማ ምን ይጠቅመዋል?» ይለናል። ከዚያ ያስጨበጭበናል። ሠርግ ላይ ያደገ እጅ መቼም ማጨብጨብ አይጠፋውም፤ የቸገረን እግራችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ሰውነት በችክችካ ያደገ ነው። ምቱ ሦስት ሦስት እያለ የሚጋልብ፣ ትከሻን የሚጠራ ነው። ሳልሳ ደግሞ በአራት ይሄድና ጉልበትን ይጠራል፤ ጉልበት ሲታጠፍ ዳሌ ሳይታዘዝ ይከተላል። እኛ ዳሌውን በግድ ስናወዛውዝ ጋሼ ይስቃል። «ልጆች፣ ዳሌውን ተዉት፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ እሱ ራሱ ይመጣል።» ትከሻችንን ግን ተዉት ብሎን አያውቅም። ኩባ ውስጥ በሩምባ ትከሻውን የሚያርገፈግፍ ሰው ይጨበጨብለታል፤ እስክስታ የሚያውቅ ልጅ ባዶ እጁን አልሄደም። ከሁሉ የከበደን ግን መያያዙ ነበር። በእኛ አገር ጭፈራ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ይተያያሉ እንጂ እጅ ለእጅ አይያያዙም። የማያውቁትን ሰው እጅ ይዞ ዐይኑን ማየት! የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የምናየው።

ኋላ «ሩዌዳ» ተማርን። ክብ ሠርተን ጥንድ ጥንድ ሆነን እንቆማለን፤ አንድ ሰው ይጠራል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። «ኤንቹፍላ» ሲል ሶኬት እንደመሰካት ነው፤ ወንዱና ሴቷ ቦታ ይለዋወጣሉ። «ዲሌ ኬ ኖ» ቃል በቃል «እምቢ በላት» ማለት ነው፤ ደግነቱ ማንም እምቢ አይባልም፣ ሴቷ ፊት ለፊት አልፋ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። «ዳሜ» ደግሞ «ስጠኝ» ማለት ነው። ዳሜ ሲባል የያዝከውን ትለቅና ቀጥሎ ያለውን ትይዛለህ። በአንድ ዘፈን ውስጥ ክቡን በሙሉ ትዞራለህ። መምረጥ የለም፤ ማኩረፍ የለም። ከሲኤምሲ የምትመጣ የባንክ ሠራተኛ፣ የቦሌ ሚካኤል ጋራዥ ልጅ፣ ከሆቴል ፈረቃዋ ወጥታ እግሯ ያበጠ የክፍል አስተናጋጅ፣ ከስድስት ኪሎ በሁለት ታክሲ የምንመጣ እኛ፣ ሁሉም በተራው እጅህ ይገባል። የማን እጅ ሻካራ እንደሆነ፣ የማን እንደሚንቀጠቀጥ ታውቀዋለህ። የአባቱን ስም ከማወቅህ በፊት የመዳፉን ላብ ታውቃለህ።

እዚህ ላይ ለሚቆጡን የሚሆነው መልስ ይጀምራል። ያኔ ከእኛ መሀል ገና ፍሬሽ የነበርን አለን፤ አሁን ልንመረቅ ደርሰናል። አንዲት የመቀሌ ልጅ አብራን ትደንስ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ፤ በመሀል ለጥቂት ወራት መቀሌ ላይ ተከፍቶ ከሰኔ 2013 በኋላ እንደገና ጠፋ። አንድ ዓመት ተኩል ያህል የእናቷን ድምፅ አልሰማችም። በዚያ ወራት ሰው ታክሲ ውስጥ ስልኩን ሲያነሳ የሚናገርበትን ቋንቋ የሚመርጥበት ጊዜ ነበር። እሷ ግን ሐሙስ አልቀረችም። ስልኳን አንድ ወንበር ላይ ስክሪኑን ወደ ላይ አድርጋ ታስቀምጥና ትገባለች። ምናልባት ቢበራ ብላ ነው። ማንም ተነጋግሮ ሳይሆን፣ ክቡ ዞሮ ወደዚያ ወንበር ሲቀርብ የያዛት ሰው ፊቷን ወደ ስልኩ አድርጎ ማዞር ለመደ። ጋሼም «ዳሜ» የሚለውን እሷ እስክታይ ያዘገየው ነበር።

ዳንሱ ሰው አስታረቀ ብለን አንዋሽም። በዚያው ጊዜ ከእኛ ሁለቱ ስለ ጦርነቱ አዳራሹ በር ላይ ተጣልተው፣ አንደኛው እስከዛሬ አልተመለሰም። ወንድሙ ግንባር ላይ ነበር፤ እሱም የራሱ ስልክ ነበረው የሚጠብቀው። በክቡ ውስጥ የሱ ቦታ ለወራት ሲታወቀን ነበር፤ ዳሜ ስንባል እጃችንን ልማድ ሆኖብን ወደሌለው ሰው የዘረጋንባቸው ምሽቶች አሉ።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ በታኅሣሥ የመቀሌ ስልክ ተከፈተ። ደወሉ የመጣው እኛ በሌለንበት፣ በቀን ነው። እናቷ በሕይወት አሉ። ታናሽ ወንድሟ ግን ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር። በዚያ ሐሙስ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣችና ሲንጀሮቹ አጠገብ ተቀመጠች። «ቤት ብቻዬን መቀመጥ አቃተኝ» ነው ያለችው። ሙዚቃ አልተከፈተም። የክፍል አስተናጋጇ ወርዳ ቡናና ዳቦ ይዛ መጣች፤ ወንበሮቹን ክብ አድርገን ለቅሶ ተቀመጥን።

ጋሼ አጠገቧ ተቀመጠ። ደሴቱን ስንት ጊዜ አውርቶልናል፤ ግሬፕ ፍሩቱን፣ ማዕበሉን፣ ከአንጎላና ከሞዛምቢክ ልጆች ጋር የነበረውን ኳስ። አባቱን ግን አንስቶልን አያውቅም ነበር። ያን ማታ ተናገረ። አባቱ የወደቁት በኦጋዴን ነው፤ መርዶው ሲመጣ እሱ የ9 ዓመት ልጅ ነበር፤ ለቅሶው ሳያልቅ ለጉዞ ተመዘገበ። «የእኔን ለቅሶ ባሕር ላይ ነው የጨረስኩት» አላት። «ማታ ማታ መኝታ ቤት ውስጥ ስናለቅስ አንዲት ኩባዊት አስተማሪ መጥታ ራዲዮ ትከፍትልንና እጃችንን ይዛ ታስነሳናለች። ለቅሶውን አላስተወችንም። እያለቀስን ነው የደነስነው። እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። ስትችዪ ትመጫለሽ።» ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም። ከአርባው በኋላ መጣች።

እንግዲህ ለሚቆጡን ወንድሞችና እህቶች ይህንኑ ነው የምንለው። ሳልሳ የጤፍን ዋጋ አያወርድም፤ ጦርነትም አላስቆመም። በጋሼ ዘመን ይህንን «የንዑስ ከበርቴ ቅብጠት» የሚሉ ነበሩ፤ ዛሬም ስሙ ተለውጦ ክሱ እንዳለ ነው። ግን አንድ ነገር ጠይቁልን፤ በዚያ ክፉ ወራት ከመቀሌ ልጅና ግንባር ላይ ወንድም ካለው ልጅ ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተራ፣ እጅ ለእጅ ያያያዛችሁ ሌላ ምን ቦታ ነበራችሁ? ካፌው? ክፍሉ? ዶርሙ ነው? እኛ ዘንድ ያለው አንድ የልብስ ስፌት አዳራሽ ብቻ ነበር፤ እሱም አንዱን ሰው መያዝ አልቻለም። ያንን ልጅ ያጠፋነው መስሎን አንቆጠርም፣ የረሳነውም አይደለም። ቢመጣ ቦታው አለ።

አሁን የጋሼ ጉልበት ታሟል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ክላቬውን ብቻ ያጋጫል፤ ስንሳሳት በእንጨቱ ጫፍ ይጠቁመናል። ክቡን የምትጠራው የመቀሌዋ ልጅ ሆናለች። ባለፈው ዓመት ተመርቃ አያት አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ነጭ ጋውኗን በቦርሳዋ ይዛ በባቡሩ እስከ መገናኛ ትመጣለች። ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ ከኋላ ያለው እንዲሰማት ፀጥ ማለት አለብን። ዳሜውን ከጋሼ ይልቅ ታፈጥነዋለች፤ ክቡ ሦስት ጊዜ ሳይዞር ዘፈኑ አያልቅም።

መምጣት ለምትፈልጉ፣ ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ነው። የግቢው በር ሳይዘጋ የሚያደርስ ታክሲ አይጠፋም። ሶሉ የማይዝ ጫማ አድርጉ፤ ስኒከር ጉልበት ይጎዳል። መግቢያ የለውም፣ ለአዳራሹ ኪራይ የቻለ ያዋጣል። አጋር ይዛችሁ መምጣት አያስፈልጋችሁም።