ለቤታችን የቀጠርነው ዘበኛ

ሰው ድካሙን ለመቀነስ ያልፈለሰፈው ብልሃት የለም። መብራት ሳይነኩት እንዲበራ፣ በር ባለቤቱን ዐውቆ እንዲከፈት የሚያደርገው ጥበብ ዛሬ ከባለጸጎች ቤት ወጥቶ በትርፍ ጊዜው ሽቦ ከሚቀጥል ሰው እጅ ገብቷል። እኛም ይህንኑ በገዛ እጃችን ልንሞክር ተነሥተን ያገኘነውን ትምህርት ለአንባብያን ማካፈል ወደድን።

ለዚህ ያነሣሣን የእናታችን እንቅልፍ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በምንኖርበት ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም በሌሊት ስለ ሆነ፣ በርሜሉ ሞልቶ እንዳይፈስ እናታችን ምርኵዛቸውን ይዘው ደጋግመው ይነሡ ነበር። እኛ ግን ችግሩን ትተን ከሚያምረው ጀመርን። በኢንተርኔት የሚታዘዝ አምፑል ገዝተን በመተላለፊያው ሰቀልንና በየሌሊቱ በተወሰነ ሰዓት እንዲበራ በስልካችን አዘዝነው። እንዲህ ያለው አምፑል ማብሪያው ከተዘጋ ትእዛዝ ሊሰማ ስለማይችል፣ ማንም እንዳይነካው በማብሪያው ላይ ፕላስተር ለጠፍንበት።

አንድ ሌሊት መስመሩ ተቋረጠ። ትእዛዙ የሚመጣው ባሕር ማዶ ካለ ኮምፒዩተር ኖሮ፣ አምፑሉ ሳይበራ ቀረ። እናታችን በጨለማ ግድግዳውን ሲዳብሱ እጃቸው ያገኘው የለጠፍነውን ፕላስተር ነበር። «ልጄ፣ ይህ መብራት የማን አገር ሰው ነው?» አሉን። ቢወድቁስ ኖሮ እያልን ስናስብ አደርን እንጂ ልንስቅ አልቻልንም።

በማግሥቱ ፕላስተሩን ልጠን፣ የቀድሞውን አምፑል መልሰን ሥራውን እንደገና ከሀ ጀመርን። በ2012 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር መሸጥ የጀመረውን፣ መዳፍ የሚያህለውን ራስቤሪ ፓይ የተባለ ኮምፒዩተር አገኘን። በርሱም ላይ ሆላንዳዊው ፓውሉስ ስኻውትሰን በ2013 እ.ኤ.አ. የጀመረውንና ለማንም በነፃ የሚሰጠውን ሆም አሲስታንት የተባለ ፕሮግራም ጫንን። ይህ ፕሮግራም ትእዛዙን እዚያው ቤት ውስጥ ሊፈጽም ስለሚችል የውጭው መስመር ቢቋረጥም ሥራውን አይተውም።

ከዚያም በበርሜሉ አፍ አጠገብ ተንሳፋፊ ኳስ አሰርን። ውሃው ኳሱን ሲያነሣው ሁለት ሽቦዎች ይገናኛሉ፤ በ3.3 ቮልት የሚሠራው ኢኤስፒ8266 የተባለ ትንሽ መሣሪያም ይህንን ተረድቶ በቤቱ ዋይፋይ ለኮምፒዩተሩ ያስታውቃል፤ በእኛም መኝታ ክፍል ደውል ይደወላል። ጀማሪ የሆነ ሰው እጁን በዚህ ዝቅተኛ ኃይል ያለማምድ፤ በግድግዳ ውስጥ የሚሄደው 220 ቮልት ግን ሰው ይገድላልና ለባለሙያው ይተወው። የመብራት ኃይል ሲቋረጥ መሣሪያዎቹ ሁሉ አብረው ስለሚተኙ ባትሪ ማዘጋጀት እንደሚያስፈልግም አይዘንጋ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ አንድ ደውል ለመጀመሪያ በቂ ነው። ይህን ሥራ የሚያስብ ሁሉ ምን እንደሚገዛ ከመጠየቁ በፊት በቤቱ የሚደክመው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። አገልጋዩም የቤቱ ሰው ይሁን፤ ቢታመም እንኳ እጅ የሚደርስበት ማብሪያ ከቦታው አይጥፋ።

ደውሉ መጀመሪያ የጮኸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ሮጠን ወጥተን ቧንቧውን ዘግተን ስንመለስ፣ እናታችን በልማዳቸው ነቅተው ኖሮ፣ ማብሪያውን ራሳቸው ተጭነው መተላለፊያውን አብርተውልን አገኘናቸው።